መርማሪውን ማን ይመርምረው? ስለ ኤች አይ ቪ ላቦራቶሪ ሥራ አመዛዘንና መሻሻል



የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ምሳሌው እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሽታውን ሳይደብቅ ለሐኪም የገለጠ ሰው እንኳ፤ የሚመዘንበት ሚዛን የተሳሳተ ከሆነ፤ ወይም የምርመራው ውጤት በመንገድ ከቀረ፤ መድኃኒቱን በጊዜው ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የምጽፈው ስለ በሽታው ስለ ራሱ ሳይሆን፤ በሽታው ስለሚመረመርበት ቤት፤ ማለት ስለ ላቦራቶሪ ሥራ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ስለ ኤች አይ ቪ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ሌላ ነገር ብትጽፊ ይሻላል» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰምተናል። ሆኖም የሰማነው ሁሉ ስለ መተላለፊያውና ስለ መከላከያው መንገድ ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም ወዴት እንደሚሄድ፤ ማን እንደሚመረምረው፤ መርማሪውስ እንዳይሳሳት ማን እንደሚቈጣጠረው የነገረን የለም። እኔም ይህን ለማወቅ የተነሣሁት ከዚህ በታች በምገልጸው ምክንያት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1ኛ/ ለዚህ ጥናት ያነሣሣኝ ምክንያት

የእናቴ ታናሽ እህት ከከተማችን የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በገጠር ትኖራለች። ቫይረሱ በደሟ ስለሚገኝ መድኃኒት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ «ስሜን አትጥሪ እንጂ ታሪኬን ንገሪ፤ ለሌላው ይጠቅማል» ብላኛለች።

አክስቴ ባለፈው ዓመት በፊት በነበረው ዓመት በሐምሌ ወር ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሆነው ተመርምሮ ነፃ መሆኑ ተነገራት፤ ደስታችንም ታላቅ ነበር። በጥቅምት ወር ደግሞ እርሷ ራሷ የቫይረሱ መጠን ይለካ ዘንድ ደም ሰጠች። በታኅሣሥ ወር ውጤቱን ለመስማት ልጁን አዝላ መጣችና ከጤና ጣቢያው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዛ ወደ ቤታችን ገባች። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብሁላት። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው «ናሙናው ተቀባይነት የለውም» የሚል ብቻ ነበር።

አክስቴም ፊቷ ጠቊሮ «ልጄ፤ ደሜ ተበላሽቷል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም የምመልስላት አላወቅሁም። በማግሥቱ አብሬያት ሄጄ ብጠይቅ፤ በቱቦው ላይ የተጻፈው ቊጥርና በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቊጥር ስላልተስማማ ላቦራቶሪው እንደ መለሰው ተነገረን። ደሟ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው የተጻፈው ቊጥር ነበር።

እንደ ገና ደም ተቀዳ። ውጤቱ በጥር መጨረሻ ሲመጣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 4,300 የቫይረስ ቅጂ መኖሩን አስረዳ። ይህም ከሚፈለገው ልክ በላይ ነበር። ምክንያቱን ብትጠየቅ፤ በመከር ወራት እንግዶች በቤቷ ሰንብተው ስለ ነበር መድኃኒቱን በጎታ ውስጥ ደብቃ፤ አንዳንድ ቀን ሳታወጣው ታድር እንደ ነበር ገለጸች። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል! የመጀመሪያው ናሙና በደንብ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር በኅዳር ይታወቅ ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት ሕፃኑ የእናቱን ጡት ይጠባ ነበር። አንዲት በስሕተት የተጻፈች ቊጥር በአንድ ሕፃን ሕይወት ላይ ምን ያህል ትከብድ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

2ኛ/ ላቦራቶሪው ምን ምን ሥራ አለበት

የሥነ ሕይወት መምህራችን ነገሩን ብነግራቸው፤ የሳይንስ ክበባችንን አባላት ይዘውን ወደ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሄዱ። የክፍሉ ኀላፊ የሆኑት ሽማግሌ ባለሙያ በትዕግሥት አስረዱን። ከእርሳቸው የሰማሁትንና በኋላም ከመጻሕፍት ያገኘሁትን አጠቃልዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1981 ነው። ቫይረሱ በ1983 በፓሪስ ፓስተር ተቋም በፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና በሉክ ሞንታኝዬ ተገኘ፤ ሁለቱም ስለዚህ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የመጀመሪያው የደም መመርመሪያ በአሜሪካ በ1985 ተፈቀደ። በአገራችን በ1984 ተቀድቶ በተቀመጠ ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት ተገኝቷል፤ የመጀመሪያዎቹም በሽተኞች በ1986 ታወቁ። መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው በተዳረሰ መጠን የላቦራቶሪው ሥራ እጅግ በዛ፤ ምክንያቱም መድኃኒት ያለ ልኬት ሲሰጥ በጨለማ እንደ መሄድ ነው።

ላቦራቶሪው በዚህ በሽታ ረገድ አራት ዋና ዋና ሥራዎች አሉበት።

ሀ/ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ። ይህ የሚሠራው ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ነው። መመርመሪያው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ለ/ ሕፃናትን መመርመር። በሕፃን ደም ውስጥ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል እስከ 18 ወር ድረስ ሊቈይ ስለሚችል፤ ከላይ በተጠቀሰው ምርመራ ነፃ የሆነው ሕፃን እንኳ እንደ ተያዘ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ተነጥቦ፤ ደርቆ፤ የቫይረሱ ዘር ራሱ ፒ ሲ አር በሚባለው ዘዴ ይፈለጋል። ይህ ምርመራ መዘግየት የለበትም፤ መድኃኒት ካላገኙት የተያዙ ሕፃናት መካከል ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉና።

ሐ/ ሲዲ ፎር የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት መቊጠር። እነዚህ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ200 በታች ሲወርዱ፤ ሰውየው ለከባድ ልዩ ልዩ በሽታዎች የተጋለጠ መሆኑ ይታወቃል።

መ/ የቫይረሱን መጠን መለካት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2013 ጀምሮ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በዚህ ልኬት እንዲታይ መክሯል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1,000 ቅጂ በላይ ሲገኝ በሽተኛው ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ ምክር ይሰጠውና ከሦስት ወር በኋላ እንደ ገና ይለካል። አክስቴም የተደረገላት ይኸው ነው።

3ኛ/ አንድ ምርመራ ብቻ ስለ ምን አይበቃም

ይህ ክፍል የሒሳብ ስለ ሆነ ጓደኞቼ እርሳስ ይዘው ቢከተሉኝ ይሻላል።

አንድ መመርመሪያ አለ እንበል፤ ከተያዙት 100 ሰዎች 99ኙን በትክክል ያገኛል፤ ነፃ ከሆኑትም 100 ሰዎች 99ኙን ነፃ ናችሁ ይላል። ይህ በፈተና ቢሆን እጅግ ከፍተኛ ውጤት ነው። አሁን ከመቶ ሰው አንዱ በተያዘበት አገር 10,000 ሰዎች ቢመረመሩስ? በአገራችን በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሰዎች 0.9 ከመቶ ያህሉ ቫይረሱ ያለባቸው ሆነው ስለ ተገኙ ምሳሌው ከእውነቱ የራቀ አይደለም።

ከ10,000ው ሰው 100ው የተያዙ፤ 9,900ው ነፃ ናቸው። መመርመሪያው ከተያዙት 99ኙን ያገኛል። ነገር ግን ከ9,900ው ነፃ ሰዎች ደግሞ አንድ ከመቶውን፤ ማለት 99ኙን በስሕተት «ተይዛችኋል» ይላል። ስለዚህ ተይዛችኋል ከተባሉት 198 ሰዎች ግማሾቹ ምንም የለባቸውም! ይህን ሒሳብ በሰሌዳው ላይ ሠርተን ስንጨርስ ክፍላችን ዝም አለ።

መፍትሔው ሁለተኛ፤ ከመጀመሪያው የተለየ መመርመሪያ መጨመር ነው። 198ቱ ሰዎች እንደ ገና ሲመረመሩ ከእውነተኞቹ 98 ያህሉ ይቀራሉ፤ ከተሳሳቱት 99 ግን አንድ ያህል ብቻ ይቀራል። ሦስተኛው መመርመሪያ ሲጨመር ይህም አንዱ ሊቀር የሚችለው ከመቶ አንድ በሆነ ዕድል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች ሳይስማሙ ማንም ሰው ተይዟል እንዳይባል የመከረው ስለዚህ ነው። በሥራ ላይ ያሉት መመርመሪያዎች ከምሳሌዬ የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም የሒሳቡ ትምህርት አይለወጥም። ጥሩ መሣሪያ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በሥርዐት መጠቀም ያስፈልጋል። አንዱን ምርመራ «ጊዜ ለማትረፍ» የሚዘልል ሠራተኛ የሰውን ቤት ሊያፈርስ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

4ኛ/ ስሕተት የሚገባባቸው ሦስት በሮች

ባለሙያው እንደ ነገሩን የላቦራቶሪ ሥራ በሦስት ይከፈላል፤ ከምርመራው በፊት፤ በምርመራው ጊዜና ከምርመራው በኋላ። እኛ ተማሪዎች ስሕተት የሚፈጠረው በመሣሪያው ላይ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በመጀመሪያው በር፤ ናሙናው ገና ወደ መሣሪያው ሳይደርስ ነው።

በመጀመሪያው በር የሚገቡት ስሕተቶች እነዚህ ናቸው፤ የሰው ስም ወይም ቊጥር መሳሳት፤ ደሙ ማነሱ ወይም መርጋቱ፤ ለቫይረስ መጠን የተቀዳው ደም በአንድ ቀን ውስጥ በሴንትሪፊውጅ ተሽከርክሮ ውሃማው ክፍል ሳይለይ መቅረቱ፤ የሕፃኑ የደም ጠብታ ሳይደርቅ በፖስታ መታሸጉ። በሁለተኛው በር፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መጠቀም፤ ማቀዝቀዣው በመብራት መጥፋት መሞቁ፤ ሰዓት ሳያዩ ውጤት ማንበብ ይገኛሉ። ፈጣኑ መመርመሪያ ከታዘዘው ደቂቃ በፊትም ሆነ በኋላ ቢነበብ ያሳስታልና። በሦስተኛው በር ደግሞ፤ ውጤትን በስሕተት መገልበጥ፤ ወረቀቱን ማዘግየት፤ ለሌላ ሰው መስጠት፤ ወይም ሐኪሙ ሳያየው በመዝገብ ውስጥ መቅረቱ አለ።

5ኛ/ መርማሪው የሚመረመርባቸው መንገዶች

ሀ/ ራስን በየቀኑ መፈተን። ላቦራቶሪው ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ይይዛል፤ በየማለዳው ከበሽተኞቹ ደም በፊት እርሱን ይለካል። የሚታወቀው በትክክል ካልወጣ የማይታወቀው ሊታመን አይችልም።

ይህን በዐይናችን ለማየት በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አንድ ሙከራ አደረግን። አንድ ባለ 50 ግራም የሚዛን ድንጋይ ወስደን በየቀኑ በአንዱ ሚዛን መዘንነው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አማካዩ 50.1 ግራም ሆነ፤ ከአማካዩ የመራቂያው ልክ ደግሞ 0.2 ግራም ወጣ። ከዚያም በካሬ ወረቀት ላይ በመካከል 50.1ን፤ በላይና በታች ሁለት እጥፍ ርቀት ላይ 50.5ንና 49.7ን፤ ሦስት እጥፍ ርቀት ላይ 50.7ንና 49.5ን በመስመር አሰመርን። ሚዛኑ ደኅና ከሆነ ከመቶ 95 ያህሉ ነጥብ በሁለት እጥፉ መስመሮች መካከል ይውላል። ከሦስት እጥፉ መስመር የወጣ ነጥብ ግን «ሥራ አቁም!» ማለት ነው።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ተረኛ የነበርሁት እኔ ነበርሁ፤ ሚዛኑ 50.9 አሳየ። ደግሜ ብመዝንም ያው ሆነ። መምህራችንን ጠርቼ ብንመረምር፤ ሌላ ክፍል ሚዛኑን አንሥቶ ባልተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት፤ የውሃ ልኩ አረፋ ወደ ዳር ሄዶ ተገኘ። በዚያው ቀን ሌሎች ተማሪዎች ጨው ሲመዝኑ ውለው ነበር፤ አንዳቸውም ስሕተቱን አላወቁም፤ የጨው እውነተኛ ክብደት አስቀድሞ በማንም ዘንድ አይታወቅምና። የአክስቴን ደም የሚለካው መሣሪያም እንደዚሁ ነው። ቊጥር ሁልጊዜ ያወጣል፤ ቊጥሩ እውነት መሆኑን የሚናገረው ግን ከጐኑ የቆመው የታወቀ ናሙና ብቻ ነው።

ይህ ሥዕል አስቀድሞ በአሜሪካ በፋብሪካ ሥራ ላይ ከ1924 ጀምሮ በሸውሃርት የታሰበ ሲሆን፤ በ1950 ሌቪና ጄኒንግስ የተባሉ ሰዎች ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ አመጡት። ሌላም ጥቅም አለው፤ ነጥቦቹ ከመስመሩ ባይወጡም እንኳ ብዙ ቀን በተከታታይ ከአማካዩ በላይ ብቻ ቢውሉ፤ መሣሪያው ቀስ በቀስ ማዘንበል መጀመሩን አስቀድሞ ያስታውቃል።

ለ/ በውጭ ሰው መፈተን። አንድ የበላይ ተቋም መልሳቸውን እርሱ ብቻ የሚያውቃቸውን ናሙናዎች ለየላቦራቶሪው ይልካል፤ እያንዳንዱም መርምሮ መልሱን ይመልሳል። ይህ ከአገር አቀፍ ፈተና ጋር ይመሳሰላል። በአገራችን ይህን የመሰለውን ሥራ የሚመራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ነገር ግን በፈተናው እውነተኛነት ላይ አንድ ነገር ይጠበቃል፤ ናሙናው እንደ ማንኛውም በሽተኛ ደም በተረኛው ሠራተኛ እጅ መሠራት አለበት። ከሁሉ የበለጠው ሠራተኛ ተመርጦ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ቢሠራው ውጤቱ የሰውየውን ችሎታ እንጂ የቤቱን ሥራ አያሳይም።

ሐ/ በመጠይቅ መመርመር። በጥር 2008 በማፑቶ ከተማ የላቦራቶሪ ሥራ እንዲጠናከር መግለጫ ወጣ። በ2009 በኪጋሊ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪቃ ቢሮ ላቦራቶሪዎች ደረጃ በደረጃ የሚሻሻሉበትን ዕቅድ ይፋ አደረገ፤ ይህም በኋላ ስሊፕታ ተባለ። በ2011 ደግሞ የአፍሪቃ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ተቋቁሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ሆነ። በስሊፕታ መርማሪዎቹ ረዥም መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ፤ መዛግብቱን፤ የሠራተኛውን ሥልጠና፤ የመሣሪያውን ጥገና፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱን፤ የሥራ ደኅንነቱን ሁሉ ይጠይቃሉ። ከ55 ከመቶ በታች ያገኘ ምንም ኮከብ አይሰጠውም፤ 55 ያገኘ አንድ ኮከብ፤ 65 ሁለት፤ 75 ሦስት፤ 85 አራት፤ 95ና ከዚያ በላይ ያገኘ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል። የዚህ መንገድ መጨረሻ አይሶ 15189 የተባለውን የዓለም አቀፍ የሕክምና ላቦራቶሪ ደረጃ ማግኘት ነው።

እኔ በዚህ አሠራር ደስ ያለኝ አንድ ነገር አለ። ደካማውን ላቦራቶሪ «ወድቀሃል» ብሎ አይተወውም፤ ዛሬ ያለበትን ደረጃ ይነግረውና ወደሚቀጥለው እንዲወጣ መንገዱን ያሳየዋል። ሆኖም ኮከብ ብቻውን እንዳያታልለን መጠንቀቅ አለብን። ለምርመራው ቀን ብቻ ታጥቦና ተጠራርጎ የሚጠብቅ ቤት፤ ለፈተና ሌሊት ብቻ እንደሚያጠና ተማሪ ነው። መዛግብቱ የዓመቱን ሥራ ሁሉ እንዲናገሩ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

6ኛ/ ጊዜው የት ይጠፋል

ትክክለኛ ውጤት ከዘገየ እንደ ሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ ላቦራቶሪ ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ደም ከተቀዳበት ቀን እስከ በሽተኛው መልሱን እስከ ሰማበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። ይህንም በጥቅል መቊጠር አይበቃም፤ በየክፍሉ መከፋፈል ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ጊዜው 40 ቀን ፈጀ እንበል። ናሙናው በጤና ጣቢያ መኪና ሲጠብቅ 9 ቀን፤ በመንገድ 1 ቀን፤ በላቦራቶሪው ተራ ሲጠብቅ 12 ቀን፤ በመሣሪያው ላይ 1 ቀን፤ ወረቀቱ ሲመለስ 5 ቀን፤ ወረቀቱ በጤና ጣቢያው መሳቢያ ተኝቶ በሽተኛውን ሲጠብቅ 12 ቀን። ድምሩ 40 ነው። አንድ ሰው ይህን ሳይመለከት «መሣሪያ ይጨመር» ቢል፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚነካው በላቦራቶሪው ውስጥ ያለፉትን 13 ቀናት ብቻ ነው። የቀሩት 27 ቀናት የጠፉት ከላቦራቶሪው በር ውጭ ነውና። መጀመሪያ መለካት፤ ከዚያ መጠገን ማለት ይህ ነው። ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ ይባል የለምን?

ለመንገዱ ችግር በአገራችን የተገኘ አንድ መልካም ዘዴ አለ፤ የፖስታ አገልግሎት ደብዳቤ በሚያደርስበት መንገድ የደም ናሙናን በተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ሣጥን እንዲያደርስ ተደርጓል። የደረቀ የደም ጠብታ ደግሞ በረዶ ስለማያስፈልገው ለሩቅ ገጠር የተመቸ ነው። እንዲሁም ሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር የገባው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ፤ የሚጐርሰው ካርትሪጅ ሲለወጥ የቫይረስን መጠንና የሕፃናትን ምርመራ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል። አንድ መሣሪያ ለሁለት በሽታ ማገልገሉ ለድኻ አገር ትልቅ ቁጠባ ነው።

7ኛ/ ማሻሻል በትንሽ ነገር ይጀመራል

ስሊምታ የተባለው የሥልጠና ዘዴ የላቦራቶሪ ኀላፊዎችን አንድ ጊዜ ሰብስቦ በትምህርት አጥግቦ አይሰድድም። ጥቂት ቀን ያስተምራቸውና ወደ ሥራቸው ይመልሳቸዋል፤ እያንዳንዱም በገዛ ላቦራቶሪው አንድ ጉድለት መርጦ፤ ለክቶ፤ አሻሽሎና እንደ ገና ለክቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ውጤቱን ይዞ ይመጣል። ይህ እቅድ፤ ሥራ፤ መመልከት፤ ማረም በሚባሉት አራት እርምጃዎች የሚሽከረከር ነው።

ከሽማግሌው ባለሙያ እንደ ሰማሁት አብዛኛው ማሻሻያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በማቀዝቀዣው ላይ ቴርሞሜትር ሰቅሎ በቀን ሁለት ጊዜ ሙቀቱን መመዝገብ፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበትን ዕቃ ቀድሞ ማውጣት፤ በቱቦው ላይ የሰውየውን ስምና ቊጥር እፊቱ ሆኖ መጻፍና «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ ከራሱ አፍ መስማት፤ የተመለሱትን ናሙናዎች በየወሩ በምክንያታቸው መቊጠር ይበቃል። ለምሳሌ ከ200 ናሙና 10 ቢመለሱ 5 ከመቶ ነው፤ ከዐሥሩ ሰባቱ በጽሕፈት ስሕተት የተመለሱ ሆነው ቢገኙ፤ መድኃኒቱ አዲስ መሣሪያ ሳይሆን ጥሩ ብዕርና የተረጋጋ ልብ ነው።

ባለሙያው ከሁሉ አብልጠው የነገሩን ግን ይህ ነው፤ «ስሕተት ሲገኝ ማን አደረገው ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንዴት ሊሆን ቻለ በሉ» አሉን። ሠራተኛው የሚቀጣ ከመሰለው ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀም ስሕተት እንደ ተደበቀ በሽታ መድኃኒት የለውም። እኔም በአክስቴ ወረቀት ምክንያት በልቤ ይዤው የነበረው ቊጣ ያን ቀን ተለወጠ። ያንን ቊጥር የጻፈው ሰው ምናልባት ያን ዕለት ለብዙ ሰው ብቻውን ደም ሲቀዳ የዋለ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ነገሩን መርሳት ማለት አይደለም። ሌላው ሰው በሚቀጥለው ቀን እንዳይሳሳት አሠራሩን መለወጥ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልጨምር። ለበሽተኛው የሚሰጠው ወረቀት በሚገባው ቃል መነገር አለበት። «ናሙናው ተቀባይነት የለውም» የሚለው ቃል በላቦራቶሪ ውስጥ ትክክል ነው፤ በአንዲት ሕፃን ባዘለች እናት ጆሮ ግን «ደምሽ ተበላሽቷል» ሆኖ ይሰማል። ውጤትን ማስረዳት የምርመራው የመጨረሻ ክፍል ነው እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

8ኛ/ ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የጻፍሁትን ባጭሩ ልድገመው። የላቦራቶሪ ሥራ ሚዛን ነው፤ ሚዛንም ራሱ መመዘን አለበት። የሚመዘነውም በየቀኑ በራሱ፤ በየጊዜው በውጭ ሰው፤ በየደረጃውም በመጠይቅ ነው። ከሚለካው ቊጥር ጋር የሚፈጀው ጊዜ አብሮ ይለካ። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ሰው መሆኑ አይረሳ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ደም ስትሰጡ ስማችሁና ቊጥራችሁ በፊታችሁ በትክክል መጻፉን ተመልከቱ፤ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስም ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጓደኞቼም ሆይ፤ ከመካከላችን ነገ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚሆን ይኖራል። በቤተ ሙከራችን ሚዛኑን ሳያስተካክል የሚመዝን፤ ያላየውንም ቊጥር ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ተማሪ፤ ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ ሥራ እንደሚሄድ እናስብ።

የአክስቴን ነገር ሳልጨርስ እንዳልቀር። ምክሩን ከሰማች በኋላ መድኃኒቷን ከጎታው አውጥታ በየማታው በአንድ ሰዓት መውሰድ ጀመረች፤ ለሕፃኑም የመከላከያው መድኃኒት ቀጠለ። በሚያዝያ ወር በተለካው ደሟ ቫይረሱ ሊታይ እስከማይችል ድረስ አንሶ ተገኘ። ልጁም ዓመት ሲሞላው ጡት ተወ። ዘንድሮ በጥር ወር 18 ወር ሞልቶት የመጨረሻው ምርመራ ተደረገለት። ያን ቀን ቱቦው ላይ ሲጻፍ አጠገቡ ቆሜ ቊጥሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ሠራተኛዋም ፈገግ ብላ «ልክ ነው?» አለችኝ፤ እኔም «ልክ ነው» አልሁ።

ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቱን እንደ ልማዴ እኔ አነበብሁላት። ልጁ ነፃ ነው። አክስቴ ግን ወዲያው አልተደሰተችም፤ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ ካየችው በኋላ «እርግጠኛ ነሽ፤ የእርሱ ቊጥር ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ቊጥሩን በጣቷ እያስያዝሁ አንድ በአንድ ቈጠርሁላት። ያን ጊዜ ልጇን ስማ አዘለችው።